ሁለት ፊደል፣ አንድ ባነር፦ የዲዛይን ታሪክ ለሐዋሳ ዲዛይነር ምን ይጠቅመዋል?

ሐዋሳ ባህል አዳራሽ ፕሮግራም ሲኖር በሩ ላይ ባነር ይሰቀላል። ሲዳሙ አፎ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። አንዳንዴ እንግሊዝኛም ይጨመራል። እንዲህ ያለ ባነር ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ቋንቋ ተጨናንቆ ነው የሚገባው። ወይ አማርኛው ይለጠጣል፣ ወይ ሲዳሙ አፎው ይጠብባል።

ዲዛይነሩን ብትጠይቁት "ቦታው አልበቃ አለኝ" ይላችኋል። እውነቱን ነው። ግን ይሄ ችግር ዛሬ አልተጀመረም፤ ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ብዙ ነገር ፈትተውለታል።

መጀመሪያ እንቁጠር። "ሲዳማ" የሚለው ስም በፊደል 3 ሆሄ ነው። በላቲን ሲጻፍ 7 ይሆናል፤ አናባቢው ለብቻው ይጻፋል፣ ረዘም ሲል ደግሞ ይደገማል። የእኛ ሆሄ ግን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይሸከማል። ስለዚህ ላቲኑ የጎን ስፋት ይፈልጋል፣ ፊደሉ ደግሞ ከፍታና መተንፈሻ። ሁለቱን በአንድ ቁጥር መጠን ማስቀመጥ እኩል ማድረግ አይደለም።

ሁለተኛው ማወፈር ነው። የፊደላችን ቅርጽ የመጣው ከቁም ጸሐፊው የመቃ ብዕር ነው። የቆመው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሲታተም ቅርጹ ወደ ብረት ሆሄ ገባ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የምንጠቀምባቸው ብዙ ፎንቶችም እሱኑ ይዘዋል። ፊደሉን ወደ ጎን ስትለጥጠው የቆመው መስመር ያብጣል፣ አግዳሚው እንደቀጠነ ይቀራል። ዙሪያውን መስመር ጨምረህ ስታወፍረው ደግሞ የ"ሴ" እግር ላይ ያለችው ቀለበት ትደፈንና "ሲ" ትመስላለች። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሚያነብ ሰው ተሳሳተ ማለት ነው።

ሦስተኛው ትልልቁ የላቲን ፊደል ነው። ከኢንተርኔት የምናወርደው ቴምፕሌት ርዕሱን በካፒታል ያጎላል። ፊደላችን ካፒታል የለውም። ታዲያ የብራና ጸሐፊዎች እንዴት አጎሉ? በቀይ ቀለም! የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ጻፉ። የምዕራፍ መጀመሪያን ደግሞ በሐረግ አስጌጡ። ይሄን የሚያውቅ ዲዛይነር ፊደሉን ሳያሠቃይ በቀለም፣ በክፍት ቦታና በጌጥ ያጎላል። ላቲኑ ካፒታሉን ይጠቀም፣ ፊደሉ ቀለሙን።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 ቋንቋዎች ያስተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር። ሲዳሙ አፎም ከነዚያ አንዱ ነው። ላቲኑ የመጣው ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ባነር ስር በዘመቻው የተማሩ አባትና በላቲን የተማረች ልጃቸው ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። አንዱ ጽሑፍ ሲጠብብ የሚቸገረው ሰው ነው። "የኛ ቋንቋ ለምን እንዲህ አነሰ?" የሚል ቅሬታም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከማንም ክፋት ሳይሆን ከአንድ ቸኩሎ ከተሠራ ባነር ነው።

"ደንበኛው ጀርባዬ ቆሞ ቶሎ በል እያለኝ ስለ ብራና ላስብ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ በዚያች ሰዓት አይታሰብም። ቀድሞ ያወቀው ግን አስር ጊዜ ሲለጥጥና ሲመልስ አይውልም፣ ታትሞ የተበላሸ ባነርም ከኪሱ አይከፍልም።

ለመጀመር ክፍያም ዲግሪም አያስፈልግም። ዲጂታል የተደረጉ የብራና መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያሉ። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ቤት ውስጥ ያለ የድሮ የትምህርት መጽሐፍና ቴምብርም መምህር ነው።

በሚቀጥለው ባህል አዳራሽ ጋ ስታልፉ ባነሩን ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ ለማንበብ ሞክሩ። የትኛው ቋንቋ ቀድሞ ጠፋባችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።