ራስ ሳያም የሚመጣ ማይግሬን

መንጌ ላይ ወርቅ ሲያጥብ የዋለ ሰው «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል» ካለ፣ ሁሉም ፀሐይ መቶት ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ራስ ምታት የሌለው ማይግሬንም አለ።

ከምታዩት ነገር መሃል ትንሽ የደበዘዘ ነጥብ ይነሳል። ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተሰባበረ ያብረቀርቃል። አንዱን ዓይን፣ ከዚያ ሌላውን ሸፍኑ፤ በሁለቱም ከታየ ችግሩ የዓይን ሳይሆን የአንጎል ነው። አንዳንዱን ከጣቱ ተነስቶ ወደ ክንዱና ወደ ከንፈሩ የሚወጣ መደንዘዝ ይይዘዋል፤ ቃል የሚጠፋበትም አለ። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ምልክቱ የሚያዘግመው በአንጎል ውጫዊ ክፍል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ማዕበል ስለሆነ ነው።

እንቅልፍ ማጣት፣ የውኃ ጥም፣ ምግብ መዝለል ይቀሰቅሱታል። (ረመዳን ላይ ስሁር ሳትበሉ፣ ውኃም ሳትጠጡ አትደሩ።) ይህ ምልክት ያለባት ሴት የወሊድ መከላከያ እንክብል ከመጀመሯ በፊት ለባለሙያ ትንገር፤ አንዳንዱ ዓይነት ለስትሮክ ያጋልጣል።

ምልክቱ ቀስ ሳይል በአንዴ ከመጣ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም የአንድ ዓይን ብርሃን ከጠፋ ግን «ይለቀኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ወደ አሶሳ ሪፈር ካሏችሁም በዚያው ሰዓት ተነሱ።