የራስን ደም ለራስ፦ ሴል ሴቨርን እንተዋወቀው

በልብ ቀዶ ሕክምና ወቅት ልብ እንድትቆም ሲደረግ ሥራዋን የሚረከበው የልብና ሳንባ ማሽን ነው። ጆን ጊቦን በ1953 ፊላደልፊያ ውስጥ ማሽኑን በተሳካ ሁኔታ ከተጠቀመበት በኋላ ሕክምናው ቢስፋፋም ደም ግን በእጅጉ ይበላ ነበር። ቀደምቶቹ ማሽኖች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቱቦዎቻቸው በብዙ ከረጢት የለጋሽ ደም መሞላት ነበረባቸው።

የሂውስተኑ ሐኪም ዴንተን ኩሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማሽኑን በደም ፋንታ በግሉኮስ ውሃ ሞላው። በእምነታቸው ምክንያት ደም የማይቀበሉ የይሖዋ ምሥክሮችንም ማከም ቻለ። በ1977 እሱና ባልደረባው ያለ ለጋሽ ደም የተደረጉ 542 የልብና የደም ሥር ቀዶ ሕክምናዎችን ውጤት ይፋ አደረጉ። የልብ ቀዶ ሕክምና ያለ ለጋሽ ደም አይሆንም የሚለው፣ የማይታለፍ ይመስል የነበረው ደንብ በዚህ ተናጋ።

ዛሬ ደም በመቆጠብ ሥራ የሐኪሞች ትልቅ አጋዥ ሴል ሴቨር የተባለው ማሽን ነው። ከቁስሉ የሚፈሰውን ደም በመምጠጫ ቱቦ ይስባል፤ ደሙ እንዳይረጋም ወዲያው ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት ይንጠባጠብበታል። ከተጣራና ከተጠራቀመ በኋላ በፍጥነት ወደሚሽከረከር ጎድጓዳ ዕቃ ይገባል። ክሬምን ከወተት እንደሚለየው ማሽን ሁሉ፣ ከበድ ያሉት ቀይ የደም ሴሎች በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ዳር ይሰበሰባሉ፤ ቀለል ያለው ፕላዝማ ይወገዳል። ቀጥሎ ሴሎቹ በጨው ውሃ ይታጠባሉ። ወደ ቆሻሻ ከረጢት የሚሄደው ውሃ መጀመሪያ ቀይ ነው፤ ቀስ በቀስ እየጠራ ይመጣል። ባለሙያው ውሃው መጥራቱን ሲያይ እጥበቱ ማብቃቱን ያውቃል፤ የታጠቡት ሴሎችም ወደ ባለቤታቸው ደም ሥር ይመለሳሉ።

ማሽኑ ጉድለት አለው። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችና ፕሮቲኖች በእጥበቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ብዙ ደም ከታጠበ መድማቱ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ በ1962 ይፋ ያደረጉት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒት የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ በማድረግ መድማትን ይቀንሳል። በልብና ሳንባ ማሽኑ ላይ አጫጭር ቱቦዎችን መጠቀምና ለላቦራቶሪ የሚቀዳውን ደም ማሳነስም ያግዛሉ።

ትዕግሥትም ድርሻ አለው። በ2017 ይፋ የሆነውና በ19 አገሮች ከ5,000 በላይ ሕመምተኞችን ያሳተፈው ትሪክስ ሦስት የተባለ ጥናት፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ7.5 ግራም በታች እስኪወርድ መጠበቅ ቀደም ብሎ ደም ከመስጠት የከፋ ውጤት እንደሌለው አሳይቷል።

ደም በፋብሪካ አይመረትም፤ ከሰው ክንድ ብቻ ይገኛል። በልብ ቀዶ ሕክምና የተቆጠበው ከረጢት በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት ይደርሳል። ቁጠባው ለጋሹን ማክበር ነው፤ የሚጀምረውም ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ሄሞግሎቢኑን ቀድሞ ይመርመር፤ የብረት እጥረት ከተገኘበት ጊዜ ሳለ ይታከም።