አሮጌውን ጎማ ሳታዩ አዲስ አትግዙ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት ሞተሮች የሚበዙት ከደሴ የወረዱ ወይም ወደ ደሴ ሊወጡ የተዘጋጁ ናቸው። የቀሩት ከባቲ፣ ከሐርቡና ከከሚሴ በኩል ይመጣሉ። ባለቤቶቹ የግብርና ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ዕቃ አድራሾች ናቸው። ቅሬታቸው ግን ተመሳሳይ ነው፦ «ይኼ ጎማ አይረባም፣ ቶሎ አለቀብኝ።»

እኔ ጎማውን ከመውቀሴ በፊት በየት በኩል እንዳለቀ አያለሁ። አንዱ ጎማ መሃል መሃሉን ብቻ ያልቃል፣ ሌላው ሁለቱን ዳር፣ ሌላው አንድ ጎኑን፣ ሌላው ደግሞ እዚህም እዚያም እየተቦረቦረ። እያንዳንዱ አበላል የራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ጎማ ከተገጠመ አዲሱም ልክ እንደ አሮጌው ይበላል። የዛሬን የጎማ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

በብዛት የምጠየቀው ስለ ግራ ጎን ነው። «ለምንድነው ግራው ብቻ የሚያልቀው?» ይሉኛል። መኪና ሲታጠፍ ጎማው መሬቱን በጠፍጣፋ ፊቱ እንደያዘ ነው። ሞተር ግን ይጋደማል፤ ጎማውም ክብ ሆኖ የተሠራው ለዚሁ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ የሚፋቀው ግራ ጎኑ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ቀኝ ጎኑ ነው። አገራችን ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በቀኝ በኩል ትነዳለች። ስለዚህ ወደ ግራ በሚጠመዘዘው ኩርባ ላይ እኛ የምንይዘው የውጩን፣ ረጅሙን መስመር ነው፤ ወደ ቀኝ በሚጠመዘዘው ላይ ደግሞ የውስጡን፣ አጭሩን። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ሰው እዚያ ስንት ኩርባ እንዳለ ያውቃል። በየኩርባው ግራ ጎን ትንሽ ትንሽ አብልጦ ይሄዳል።

ሌላም አለ። አስፋልት ውሃ እንዲያወርድ ሲባል መሃሉ ከፍ፣ ዳር ዳሩ ዝቅ ብሎ ይሠራል። በቀኙ ዳር ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ መሬቱ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ጎማው የሚነካው ከመሃሉ ትንሽ ወደ ግራ ባለው ቦታ ነው። ስለዚህ ግራው ከቀኙ በጥቂቱ ቢቀድም አብሽሩ፣ የመንገዱ ነገር ነው። ግራው ሙልጭ ብሎ የቀኙ ጥርስ ገና አዲስ ከመሰለ ግን መንገዱን አትውቀሱ። ሞተሩ ላይ ችግር አለ።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የማየው የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ መቆሙን ነው። ሰንሰለት ሲላላ ሁለቱን ዳዶ በግራና በቀኝ እኩል መሳብ ያስፈልጋል። ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ በሁለቱም በኩል ጭረቶች አሉ፤ የግራው ሦስተኛው ጭረት ላይ ከሆነ የቀኙም ሦስተኛው ላይ መሆን አለበት። በጥድፊያ አንዱን ብቻ አጥብቆ መሄድ የተለመደ ነው። ጎማው በትንሹ ሲጣመም ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ነጂውም ሳያውቀው ሰውነቱን ወደ ሌላው ይጥላል፣ ጎማውም በአንድ ጎኑ እየተፋቀ ይከርማል። ጭረቱን ካላመናችሁት ረጅም ሲባጎ ከኋላው ጎማ ወደ ፊተኛው ወጥሩና በሁለቱም ጎን ክፍተቱን አስተያዩ።

ከዚያ ስለ ጭነት እጠይቃለሁ። በባቲ በኩል የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ የኋላ ጎማው ግራው ብቻ ያልቅበት ነበር። ሰንሰለቱ ልክ ነው፣ ቸርኬውም አልተጣመመም። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ጀሪካኑን ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነበር የሚያንጠለጥለው። ጭነቱ በቀኝ ከሆነ ሞተሩ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የሚበላው ከጭነቱ ተቃራኒ ያለው ጎን ነው። ብዙ ሰው ይህን በተገላቢጦሽ ነው የሚያስበው። ጭነቱን ለሁለት ከፍሎ በግራና በቀኝ ማሰር ነበረበት፤ እሱም እንደዚያ አደረገ።

የነፋስ ነገር ደግሞ በኛ አካባቢ ለብቻው መነገር አለበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ታች ስንወርድ የከባቢው አየር ስለሚከብድ ደሴ ላይ የተሞላ ጎማ ኮምቦልቻ ላይ ሲለካ አንድ ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ያነሰ ያሳያል። በሌላ በኩል የደሴ ጠዋት ብርድ ነው፣ የኮምቦልቻ ቀትር ሙቀት፤ በየ10 ዲግሪው ሙቀት ልኬቱ ከአንድ ፒ.ኤስ.አይ በላይ ይጨምራል። አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይመልሳል። ስለዚህ ከፍታው ራሱ ጎማችሁን አይጎዳም። የሚጎዳው ሐረጎን በፍሬን ወርዶ ጎማው እንደጋለ ጎሚስታ ጋ ደርሶ «በዝቷል፣ ቀንስልኝ» ማለት ነው። ሲበርድ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ነፋስ የሚለካው ሞተሩ ካደረ በኋላ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ልኩ በሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ ወይም ሹካው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 32 ፒ.ኤስ.አይ ባለው መካከል ነው፤ የኋላው ከፊተኛው ይበልጣል፣ ሰው ሲታዘል ደግሞ ይጨመርበታል።

ነፋሱ ሲያንስ ጎማው መሃሉ ገባ ብሎ በሁለቱ ዳር ይሸከማል፤ ስለዚህ ሁለቱም ዳር ያልቃል። ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ከሆነ ቫልቩን ተመልከቱ፤ ዘንበል ካለ ጎማው በነፋስ ማነስ የተነሳ ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ነውና ቫልቩ ተገንጥሎ ሳይጥላችሁ አስተካክሉት። ነፋሱ ሲበዛ ደግሞ መሃሉ ያብጥና መሃል መሃሉ ያልቃል። ግን የመሃል ማለቅ ሁሉ የነፋስ አይደለም። ከኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ ወደ ሐርቡና ከሚሴ የሚመላለስ ሞተር ብዙ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው፤ የኋላ ጎማው መሃሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ያንን ጎማ ይዞ ሐረጎን መውጣት አደገኛ ነው። ክብነቱን ያጣ ጎማ ለመጋደም እምቢ ይላል፣ ከዚያ ጠርዙን ሲያልፍ በድንገት ይወድቃል።

ፊተኛውን ጎማ በመዳፋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዳብሱት። በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ሻካራ ከሆነ ፍሬን በዝቶበታል። ትንሹ ያለ ነው፤ ብዙው ግን ቁልቁለቱን ሁሉ በፊት ፍሬን የሚወርድ ነጂ ምልክት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርዱ አሉ። እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል፤ ፍሬኑም አይግልም፣ ጎማውም አይፋቅም። የኋላ ጎማ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ጠፍጥፎ ከታየ ደግሞ ፍሬን ረግጠው አንሸራተውታል ማለት ነው።

ጎማው ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ ከጎማው ይልቅ ሾኩን እጠረጥራለሁ። ዘይት የሚያፈስ ወይም የደከመ ሾክ ጎማውን መሬት ላይ አጽንቶ አይዝም፤ እየነጠረ ይመታል። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ የሹካውን ታች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ የመሪው ኩሽኔታ አርጅቷል። የቸርኬው ሽቦ መላላትም ይህንኑ ጎድጓዳ አበላል ያመጣል።

አዲስ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በአውሮፓውያኑ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ላስቲኩ በዕድሜ ይደርቃል፣ በዝናብ አይይዝም። ሲገጠምም ቀስቱ ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ መዞሩን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ሐምሌ ሲገባ ሐረጎ በጉምና በዝናብ ይሸፈናል፣ አስፋልቱም ይሟልጣል። ጎማችሁን ከዚያ በፊት በሰኔ አሳዩ፤ ልትቀይሩ ስትመጡ ደግሞ አሮጌውን መንገድ ላይ አትጣሉት፣ ለመካኒካችሁ አሳዩትና በየት በኩል እንዳለቀ አብራችሁ እዩ።