የበረንዳ ዋጋ በደቻቱ ግራና ቀኝ

ድሬዳዋ ላይ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከደላላው በቅድሚያ የሚሰማው የካሬ ሜትሩን ዋጋና የመንገዱን ስፋት ነው። ቤቱ ከጎረቤት ጋር ያገናኛል ወይስ ይለያል የሚለው ጥያቄ ከሒሳብ አይገባም። ለነጋዴ ግን ጉዳዩ የኪስ ጉዳይ ነው።

ከተማይቱ የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ስትሆን፣ የደቻቱ አሸዋ ለሁለት ይከፍላታል። ከዚራ በቀጥታ መስመር የተቀየሰ፣ ዛፍ የተተከለበትና በረንዳዎቹ ወደ መንገድ የሚያዩ ሰፈር ነው። መጋላ ደግሞ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ፣ በመሐል ቤተሰቦች የሚጋሩት ግቢ። አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ቢያይም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ሙቀቱ ሰውን አመሻሽ ላይ ከቤት ያስወጣዋል፤ የማን ንግድ እንደተቀዛቀዘ፣ ማን ዕዳ እንደበዛበት ሳይጠየቅ ይታወቃል።

ባንክ ከማበደሩ በፊት መያዣ ይጠይቃል። ቀፊራ ገበያ ላይ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ መያዣው የሚያውቀው ፊት ነው። ዕቁብም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው እስከ መጨረሻው መክፈሉን የሚያረጋግጠው ዋሱ ሲሆን፣ ዋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የመረጃ ወጪ ይባላል። በረንዳና የጋራ ግቢ ወጪውን ያወርዱታል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ያላሰበውን ውጤት አስከተለ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ አልለቀቀም፤ ቤቱ ሳይታደስ አረጀ፣ ጉርብትናው ግን ጸና። ለግድግዳው ኪሳራ፣ ለዱቤው ትርፍ!

የዛሬው ግንባታ አካሄዱ ሌላ ነው። ቦታ በሊዝ ጨረታ ሲገዛ 10 ሜትር ግንባር ላይ 2 ሜትር በረንዳ ማለት 20 ካሬ «የባከነ» መሬት ነው። ስለዚህ ግንብ አጥርና የብረት በር ይተካዋል። በኮንዶሚኒየምም ደረጃው የጋራ ቢሆንም ሰላምታ ይለዋወጡበታል እንጂ ወንበር አያወጡበትም። እንደ እኔ ግምት፣ በዱቤ የሚሸጥ ባለሱቅ እነዚያን 20 ካሬዎች ቢተዋቸው አይከስርም።

የመንገዱ ስፋትም ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ጎዳናዎችን አጥንቶ ነበር። በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት ጎዳና አንድ ነዋሪ በአማካይ ሦስት ጓደኞች ሲኖሩት፣ 16,000 በሚያልፍበት ግን አንድ እንኳ አልሞላለትም። የባጃጅ ጩኸት ያልለቀቀው ዋና መንገድ ላይ ያለ በረንዳ ለማስታወቂያ ሰሌዳ እንጂ ለጉርብትና አይሆንም።

ጉርብትና ደግሞ ሁሉን አይሸፍንም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም በወንዙ ዳር ሰፈሩ የሞቀ፣ ዋጋው የቀለለ ቤት ሲገኝ፣ ከመፈራረም በፊት ውሃው ያን ሌሊት የት እንደደረሰ ጎረቤቱን መጠየቅ ይገባል።