የአንድ ቀን ሙከራ ሰውን ይመዝናልን?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ከትምህርትና ከሥራ ሰዓት በኋላ ሻይ ቤት የተሰበሰቡ ወጣቶች ስለ እስፖርት መከራከር ሲጀምሩ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም «አንድ ሰው በአንድ ቀን ሙከራ ሊታወቅ ይችላልን?» የሚለው ነው። አንዱ ወገን «ሰዓትና ሜዳ አድልዎ አያውቁም፤ የቻለ ያልፋል፣ ያልቻለ ይቀራል» ይላል። ሌላው ወገን «የዓመት ልፋት በአንድ ጧት አይመዘንም» ብሎ ይመልሳል። ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አይበርድም።

ጥያቄው ለእኛ አካባቢ ልጆች የጨዋታ ማሟሟቂያ ብቻ አይደለም። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ቡታጅራም በደቡቡ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃሉ። በአንድ ክለብ ወይም በአንድ ማሠልጠኛ ለመሞከር የሚነሣ ወጣት ሌሊት ተነሥቶ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ከመንገዱ ድካም ሳያርፍ ሜዳ ይገባል፤ በማያውቃቸው ልጆች መካከል ጥቂት ደቂቃ ይጫወታል ወይም ጥቂት ዙር ይሮጣል፤ ከዚያም «አልፈሃል» ወይም «ለሌላ ጊዜ ሞክር» ይባላል። የመሳፈሪያ ገንዘብ ሁለተኛ ማግኘት ለማይችል ልጅ «ሌላ ጊዜ» ማለት ብዙውን ጊዜ «በቃህ» ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በስሜት ሳይሆን በታወቁ ማስረጃዎች መመርመር ይገባል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰለሞን ባረጋና የሄንግሎ ማጣሪያ

ከጉራጌ ምድር የወጣውን ሰለሞን ባረጋን የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሯጮች ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የሚመረጡበት ማጣሪያ በሆላንድ አገር፣ ሄንግሎ በምትባል ከተማ ተደረገ። በ10,000 ሜትር ሰለሞን በ26 ደቂቃ ከ49.51 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ዮሚፍ ቀጀልቻ በ22 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ፣ በሪሁ አረጋዊም ሦስተኛ ሆኑ። ሐምሌ 23 ቀን ቶኪዮ ላይ ሰለሞን በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ሁለተኛ የወጣው የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረ፤ ልዩነታቸው ግን 41 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የማጣሪያው ደጋፊ «አያችሁ! ማጣሪያው እውነቱን ተናገረ» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የዚያኑ ዕለት፣ በዚያው መሮጫ ላይ የሆነውን ሌላ ነገር አብረን እንመልከት። ለተሰንበት ግደይ በሴቶች 10,000 ሜትር ማጣሪያ 29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። የሰበረችውም ሲፋን ሐሰን ከሁለት ቀን በፊት እዚያው ሜዳ ላይ ያስመዘገበችውን ነው። በማጣሪያ ከዚህ የበለጠ ውጤት ከቶ ሊገኝ አይችልም። ሆኖም ቶኪዮ ላይ ሲፋን በ29 ደቂቃ ከ55.32 ሰከንድ አንደኛ ስትሆን፣ ለተሰንበት ሦስተኛ ወጣች። የቶኪዮው አሸናፊ ሰዓት ከሄንግሎው የለተሰንበት ሰዓት በ54 ሰከንድ የዘገየ ነበረ።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ሄንግሎ ላይ ሯጭ የሚፈልገው ፈጣን ሰዓት ነው፤ ሩጫው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እንዲሄድ ይደረጋል። ቶኪዮ ላይ ግን ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ፍጥነት የሚያወጣ ሰው የለም፤ ሁሉም እርስ በርሱ ይጠባበቃል፤ ነገሩ የሚቆረጠውም በመጨረሻው ዙር ነው። ሰለሞን በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ መውጣት ስለሚችል የቶኪዮው ዓይነት ሩጫ ተስማማው። በማጣሪያው እጅግ ተቀራርበው የገቡት ሌሎቹ ሁለት ግን በሪሁ አራተኛ፣ ዮሚፍ ስምንተኛ ሆኑ። ሰዓቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነበረ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ሰለሞን በሄንግሎ ማጣሪያ የተገኘ አዲስ ሰው አልነበረም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ43.02 ሰከንድ ሮጦ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር ሁለተኛ ወጥቷል። የአንዱ ቀን ማጣሪያ የብዙ ዓመት ታሪኩን አጸደቀለት እንጂ ታሪክ አልፈጠረለትም።

በማራቶን የሆነው

በዚያው በ2013 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር፣ ለማራቶን ሯጮች ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ከወንዶች ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ አለፉ። ቀነኒሳ በቀለ በዚያ ማጣሪያ አልሮጠም፤ ስለዚህም ከቡድኑ ውጭ ቀረ። ቀነኒሳ በ2012 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ፣ በዚያን ጊዜ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ያነሰ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የኦሊምፒኩ ማራቶን ሳፖሮ ላይ ሲደረግ ግን ከሦስቱ ተመራጮች አንዱም ሩጫውን አልጨረሰም።

ይህን ስል ሦስቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሦስቱም በዓለም የታወቁ ጀግኖች ናቸው። ቀነኒሳ ቢሮጥ ኖሮ ያሸንፍ ነበር ማለትም አይቻልም። የሚቻለው ይህን ማለት ነው፤ በሚያዝያ ወር ሰበታ ላይ የታየው ጉልበት በነሐሴ ወር ሳፖሮ ላይ ለሚያስፈልገው ጉልበት ዋስ ሊሆን አልቻለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ታምራት ቶላ በማራቶን ቡድን ውስጥ በተጠባባቂነት ብቻ ተይዞ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ታምራት በምትኩ ገባ። ነሐሴ 4 ቀንም በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በአዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ወርቁን ለአገሩ አመጣ። የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወጣ ስሙ ከሦስቱ መካከል ያልነበረ ሰው ነው። የተጠባባቂ ዝርዝር ባይኖር ኖሮ፣ ወይም ታምራት «አልተመረጥሁም» ብሎ ልምምዱን ቢተው ኖሮ፣ ያ ወርቅ ባልተገኘ ነበር።

የአሜሪካኖቹ ልማድ

ሙከራን እንደ አሜሪካ የእግር ኳስ ክለቦች ያከበረ የለም። የእነሱ እግር ኳስ የእኛ ዓይነቱ አይደለም፤ ሞላላ ኳስ በእጅ እየተወረወረ የሚደረግ ግጭት የበዛበት ጨዋታ ነው። ኳሱን የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ክለቦቹ በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በተራ ይመርጣሉ። ከምርጫው በፊት ወጣቶቹ በሰዓትና በሜትር ይለካሉ፤ በየዩኒቨርሲቲያቸውም በክለብ ተመልካቾች ፊት ሲወረውሩ ይታያሉ።

ቶም ብሬዲ በአውሮፓውያን 2000 ዓ.ም. በተለካ ጊዜ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል፣ ለመሮጥ 5.28 ሰከንድ ፈጀበት። ይህ በእነሱ ዘንድ የዝግተኛ ሰው ሰዓት ነው። ክለቦቹ 198 ሰዎች ከመረጡ በኋላ 199ኛ ሆኖ ተወሰደ። እርሱ ግን በሥራ ዘመኑ ሰባት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ በልቷል። በአንጻሩ ጃማርከስ ራስል በአውሮፓውያን 2007 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ባሳየው የውርወራ ትርኢት ተመልካቾችን አስደንቆ ከሁሉ በፊት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ከሦስት የውድድር ዓመት በላይ ግን አልቆየም።

እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለማየት ትርኢቱን ማሰብ ይበቃል። ወጣቱ በዚያ ቀን የሚወረውረው አስቀድሞ ለተለማመደው ጓደኛው ነው፤ የውርወራውም ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ ሊጥለው የሚሮጥበት ባላጋራ የለም። የክንዱ ብርታት ይታያል፤ ባላጋራ ሲከበው በአንድ ቅጽበት ምን እንደሚወስን ግን አይታይም። የኳርተርባክ ዋናው ሥራ ደግሞ ይህ ሁለተኛው ነው። የእኛም ልጅ ኳስ በእግሩ እያነጠረ ቢያስደንቅ፣ ጨዋታ ላይ ኳሱን ለማን ማቀበል እንዳለበት ማወቁን አላሳየም።

ሙከራ ይቅር ማለት አይደለም

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያውስ ሙከራ ከናካቴው ይቅር» ይል ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሙከራ ከቀረ በቦታው የሚተካው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ «የእገሌ ልጅ»፣ «የእገሌ አገር ሰው» የሚለው ነው። ከተማ ውስጥ ዘመድ ለሌለው ልጅ ሜዳው ከማማለጃ ይሻለዋል። በ1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበረ እንጂ ዓለም አያውቀውም ነበር። ከሮም በፊት አዲስ አበባ ላይ ማራቶኑን ከ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሮጦ አሳየ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ይህን ያህል የሮጠ ሰው ቆላ ወርዶ ምን እንደሚያደርግ ጳጉሜን 5 ቀን ሮም ላይ ታየ። ያ ሙከራ በር ከፈተለት።

እንግዲህ የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሙከራ በር ለመክፈት መልካም መሣሪያ ነው፤ በር ለመዝጋት ግን አይበቃም። በአንድ ቀን ጥሩ የሠራ ሰው መቻሉን አሳይቷል፤ ያልቻለውን ሰው በአጋጣሚ ያን ያህል መሮጥ አይሆንለትምና። በአንድ ቀን ያልቀናው ግን አለመቻሉን አላሳየም፤ ታሞ፣ ሳይተኛ፣ ሳይበላ ወይም ደንግጦ ሊሆን ይችላልና። ሁለቱን እኩል አድርጎ መቁጠር ፍርድን ያጓድላል።

ይህን የሚቀበል አሠልጣኝና የእስፖርት ጽሕፈት ቤት ብዙ ወጪ ሳያወጣ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ ከሩቅ የመጣ ልጅ ከአንድ ቀን ይልቅ ሁለት ቀን ይታይ፤ በመጀመሪያው ቀን መንገዱ ያደከመውን በሁለተኛው ቀን ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ እግር ኳስ ተጫዋች ከልምምድ ይልቅ በጨዋታ ይመዘን። ሦስተኛ፣ ያላለፉት ስም በተጠባባቂ መዝገብ ይያዝ፤ የታምራት ቶላ ነገር ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

የእኛ የመምህራንም ድርሻ አለ። ሰለሞን ባረጋ ሄንግሎ ሲደርስ የኋላ ታሪኩ በየውድድሩ ተጽፎ ነበር። የአንድ ገጠር ተማሪ ታሪክ ግን የትም አልተጻፈም፤ ስለዚህ የሚፈርድለት ያ አንድ ጧት ብቻ ይሆናል። በማስተምርበት ከተማ ጎበዝ ሯጭ የሆኑ ተማሪዎች አይቻለሁ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ደቂቃ እንደሮጡ ሲጠየቁ ግን የሚያውቅ የለም። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል፤ ቀኑ፣ ርቀቱ፣ ሰዓቱ፣ የአየሩ ጠባይ፣ ከማን ጋር እንደተወዳደረ ይጻፍበት። ልጁ ለሙከራ ሲሄድ ደብተሩን ይዞ ይሂድ። አሠልጣኙ ቢያየውም ባያየውም፣ ልጁ ራሱ ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል።

ለሞካሪውም ምክር አለኝ። ቢቻል ዋዜማውን ደርሰህ እደር። በዚያ ጧት አዲስ ጫማ አትጫማ፤ ለምደህ የማታውቀውን ምግብ አትብላ። ካለፍህ፣ ማለፍህ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን አትርሳ። ካላለፍህም በማግስቱ ልምምድህን ቀጥል፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ተፈትኖ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ሁለተኛ ተፈትኖ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ በሜዳም ሁለተኛ ቀን አለ። ያ ሁለተኛ ቀን ለድኻውም ልጅ እንዲደርሰው ማድረግ ግን የልጁ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የአሠልጣኙም፣ የጽሕፈት ቤቱም፣ የእኛም ነው።