9.31 እና 9°31′ አንድ አይደሉም

በሐረሪ ክልል፣ ድሬ ጠያራ ውስጥ ያለ የውሃ ጉድጓድ ቦታው ተመዝግቦ ሐረር ከተማ ላለ ባለሙያ ተላከ እንበል። ኮኦርዲኔቱ በነጥብ፣ ወይም በዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ፣ አልያም ዓለምን በዞን በሚከፍለው ዩቲኤም በተባለ ዘዴ በሜትር ሊጻፍ ይችላል። ጉድጓዱ ያው አንድ ጉድጓድ ነው። ሰው የሚሳሳተው በስሌቱ ክብደት ሳይሆን ስለ ቁጥሮቹ በያዘው የተለመደ ግምት ነው።

ተረት፦ 9.31 ዲግሪ ማለት 9 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ነው።

እውነታ፦ አይደለም። ከነጥብ በኋላ ያለው 31 ከመቶ ነው፤ ደቂቃ ደግሞ ከስልሳ። በሐረር ቁጥር እንሥራው። ከተማዋ የምትገኘው በ9.3111 ሰሜንና በ42.1278 ምሥራቅ ገደማ ነው። 9ን ለብቻ አስቀምጡና 0.3111ን በ60 አባዙ፤ 18.666 ይመጣል። 18ቱ ደቂቃ ነው። የተረፈውን 0.666 እንደገና በ60 ብታባዙ 40 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ውጤቱ 9°18′40″ ነው። ኬንትሮሱም በዚሁ መንገድ 42°07′40″ ይወጣል። ለመመለስ ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3600 አካፍሎ ከዲግሪው ጋር መደመር ነው።

9.31ን 9°31′ ብሎ ያነበበ ሰው ከእውነተኛው ቦታ ወደ 23 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይሸሻል። ሐረሪ ትንሽ ክልል ስለሆነች ጉድጓዱ ከክልሉ ወጣ ማለት ነው። ስህተቱን ማጥመጃ ቀላል ዘዴ አለ፦ በሰፊ አካባቢ የተበተኑ በርካታ ቦታዎች ባሉበት የኤክሴል ሰንጠረዥ ከነጥብ በኋላ ያሉት ሁለት አኃዞች አንድም ጊዜ ከ59 ካላለፉ፣ አንድ ሰው ደቂቃን እንደ አስርዮሽ አስገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ተረት፦ ከነጥብ በኋላ አኃዝ በበዛ ቁጥር ቦታው ይበልጥ ትክክል ይሆናል።

እውነታ፦ አራተኛው አኃዝ 11 ሜትር፣ አምስተኛው 1 ሜትር ያህል ነው፤ ስምንተኛው ሚሊ ሜትር ላይ ይደርሳል። ስልክ ግን ሜዳ ላይ እንኳ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ በአሮጌው የሐረር ከተማ፣ በጀጎል፣ ጠባብ መንገዶች ግንቡ ሰማዩን ሲጋርድማ ይብሳል። ስምንት አኃዝ መጻፍ ጌጥ ነው።

የቁጥሮቹ ቅደም ተከተልም ለውጥ አያመጣም የሚሉ አሉ። የሐረርን ኬክሮስና ኬንትሮስ ብታገላብጡ የፈረንሳይ ደሴት ኮርሲካ ላይ ትወድቃላችሁ። ገጣሚው ራምቦ ከፈረንሳይ ሐረር ድረስ መጣ፤ እኛ ደግሞ ሐረርን ወደ ፈረንሳይ እንልካለን።

ተረት፦ ኢትዮጵያ በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ናት።

እውነታ፦ አዲስ አበባና ድሬዳዋ አዎ፤ ሐረር ግን አይደለችም። ዞን 37 የሚያበቃው 42 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ በሐሮማያ አካባቢ ነው። ሐረር ከዚያ መስመር 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ በዞን 38 ትመደባለች። የዞን 38 ሜትሮች በዞን 37 ቢነበቡ ቦታው ስድስት ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይሸሻል፤ የድሬ ጠያራ ጉድጓድ ወለጋ ውስጥ፣ በነቀምትና በጊምቢ መካከል ይገኛል። ኮምፒውተሩ አያስጠነቅቅም፤ ወለጋም ኢትዮጵያ ስለሆነች ካርታው ላይ ነጥቡ የተሳሳተ አይመስልም።

በመጨረሻም፣ ልወጣ ሁሉን ያስተካክላል ብላችሁ አትመኑ። የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ሲሆን ስልካችሁ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። በሁለቱ መካከል ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት አለ፤ በ60 ማባዛትና ማካፈል አያጠፋውም። ስለዚህ ኮኦርዲኔት ስትልኩ አጻጻፉን፣ መነሻውን፣ በሜትር ከሆነም ዞኑን አብራችሁ ጻፉ።