ለምን አብረናችሁ አንሄድም?

ኮቪድ ጠንቶባችሁ፣ ኦክስጅን ላይ ሰንብታችሁ ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ስትመጡ አንዳንድ ነገራችን ግር ይላችኋል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሁሉን ለማስረዳት ፋታ አናገኝም። እዚህ ሹክ ልበላችሁ።

ገና ከበር ስትገቡ ስለ መንገዱና ስለ ልጆቻችሁ የምንጠይቃችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አንዱን ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳያቋርጣችሁ መጨረስ መቻላችሁን እያዳመጥን ነው።

ብዙ ሰው የሚቀየመን በስድስት ደቂቃው የእግር ጉዞ ነው። 30 ሜትር ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ስትመላለሱ እኛ ከዳር ቆመን ሰዓት እናያለን። በየደቂቃው «ጥሩ እየሄዱ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይቀርዎታል» ዓይነት አንድ የተወሰነ ቃል፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ እንናገራለን፤ ሌላ የለም። ከጎናችሁ ብንሄድ ርምጃችሁ የኛን ይከተላል። ዛሬ «አይዞህ፣ በርታ!» ብለን የዛሬ ወር ዝም ብንል ደግሞ የተሻለው ሳንባችሁ ይሁን የኛ ጩኸት መለየት ያቅተናል። የታመመን ሰው አይዞህ አለማለት በኛ አገር ከባድ ነው፤ ለኛም አይቀልም።

ለአንድ ደቂቃ ከወንበር ብድግ ቁጭ ካላችሁ በኋላም ጣታችሁ ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ ቶሎ አናነሳም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ካረፋችሁ በኋላ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከሰነፉ ይልቅ የሚያሰጋን ጀግናው ነው። አሥር ጊዜ ተነሥተህ ተቀመጥ ስንለው ቤቱ ሄዶ ሃያ የሚያደርገው። ኮቪድ ከለቀቃቸው ሰዎች መካከል የዚያኑ ቀን ደህና ውለው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ድካም የሚደቁሳቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንቅስቃሴውን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ መግፋት እንደማይገባ አሳስቧል። «በማግስቱ እንዴት አደሩ?» ስንላችሁ እባካችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላችሁ አትለፉን፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ልክ የምንወስነው በመልሳችሁ ነው። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የልብ ትርታ መዛባት ከመጣ ደግሞ እዚያው አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ይህን ሰምታችሁ እንቅስቃሴ ይቅር እንዳትሉ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ጡንቻው በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ውሃ እንኳ ከእጁ የሚቀበልለት ቤተሰብ በፍቅር ያባብስበታል። በእንግሊዝና በዌልስ ኮቪድ ሆስፒታል አስተኝቷቸው፣ ከወጡ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸው 585 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ግማሽ ያህሉ ለስምንት ሳምንት ባለሙያ እየመራቸው በቡድን ተንቀሳቀሱ፣ ለመንፈሳቸውም ድጋፍ አገኙ። አንድ ጊዜ ብቻ ምክር ከተሰጣቸው ሰዎች የተሻለ ኑሮ ነበራቸው፤ ልዩነቱ ትልቅ ባይባልም ዓመት ቆይቷል። ይህ ሁሉ የሆነው እቤታቸው፣ በኢንተርኔት ነው። እኔን ያስደሰተኝም ይኸው ነው፦ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም።

ከሆስፒታል ስትወጡ የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ከሰጧችሁ፣ በሩን ሳትለቁ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ማንም አያነሣላችሁም።